የተመስገን ጠርሙስ

የሞተ ሰው አልነበረም፤ የተሰበረ በርም የተፈለቀቀ ቁልፍም አልነበረም። ከየቅርንጫፉ የተሰበሰቡ ቼኮች በሚጣሩበት የባንኩ ክፍል ውስጥ ሦስት ቼኮች በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው ነበር፤ ወንጀሉ ያ ነው። ሦስቱም የአንድ እህል ነጋዴ ቼኮች ናቸው። ሦስቱም በዋዜማው በሦስት የተለያዩ ቅርንጫፎች ቀርበው ተከፍሎባቸዋል። የያዙት ተራ ቁጥር ግን አንድ ነው።

«እንግዲህ ቢያንስ ሁለቱ ሐሰተኛ ናቸው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ችግሩ እዚህ ላይ ነው» አሉ የማጣሪያ ክፍሉ ኃላፊ፤ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚያወጡ ሴት ናቸው። «ሦስቱም እውነተኛ ናቸው።»

ከዚያም አስረዱ። በቼኩ ግርጌ የሚታየው የቁጥር መስመር የሚታተመው የብረት ብናኝ በተቀላቀለበት ማግኔታዊ ቀለም ነው። አስመስሎ ያተመ ሰው የገንዘብ ከፋይን ዓይን ሊያታልል ይችል ይሆናል፤ የማጣሪያው ማሽን ግን ዓይን የለውም። ማሽኑ የሚያውቀው ብረቱን ብቻ ነው፤ ብረት የሌለበትን ቁጥር ይተፋዋል። እነዚህን ሦስቱን ግን አንድ በአንድ አንብቦ አሳለፋቸው። የጮኸው በመጨረሻ የአንድ ቁጥር መደጋገም የታየው ኮምፒውተር ነው።

«ሦስት መንታ መሆናቸው ነዋ» አለች ሳጅኗ። ይህች ሳጅን በሥራዋ የማትታማ፣ ምላሷን ግን ማሰር ያልቻለች መኮንን ናት።

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ሰውን ከማመስገኑ በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከመሳቁ በፊት አራት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነበር። «ይህ ቀለም የት ይገኛል?»

«ለእኛ የሚያትም አንድ ማተሚያ ቤት ብቻ አለ። ወረቀቱም ቀለሙም ከዚያ ካዝና አይወጣም።»

እህል ነጋዴው ተጠርተው መጡ። ሰፊ ደረታቸው ላይ ያቀፉት የቼክ ደብተር ገና ከላስቲኩ አልወጣም ነበር።

«አሮጌውን ሳልጨርስ አዲስ አልጀምርም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው» አሉ። «ፊርማው የእኔን ይመስላል፤ የፈረምኩት ግን እኔ አይደለሁም። ትናንት ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሳስወርድ ነበር፤ ጫኝና አውራጆቹን ጠይቁ።»

ላስቲኩ በፊታቸው ተቀደደ። የመጀመሪያዋ ቅጠል ያንኑ ቁጥር ይዛ፣ ንጹሕ ሆና ተቀምጣለች።

«አራተኛዋ እህት ተገኘች» አለች ሳጅኗ።

«ስለ ቁጥሩ አንድነት ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ቆቡንም አነሣ።

*

በማተሚያ ቤቱ የቼክ አዳራሽ ውስጥ የቀለምና የጋዝ ሽታ አለ። ወፍራም በር፣ ከፍ ብለው የተሠሩ መስኮቶች፣ በመካከሉም አሮጌ ጥቁር ማሽን፤ በማሽኑ ላይ ለዓመታት ከመዳሰስ ብዛት የነጣ እጀታ። እንግዶቹን የተቀበላቸው የጥራት ተቆጣጣሪው ነበር፤ ነጭ ጋውኑ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ወንበር አቀረበ፤ ውሃ አስመጣ።

«እዚህ የሚበላሽ ወረቀት ሁሉ፣ የሙከራም ሆነ የስህተት፣ ቁጥሩ ላይ ይበሳል፤ ከዚያ ወደ መቆራረጫ ማሽን ይገባል» አለ። «ያልተበሳ ወረቀት ከዚህ በር አይወጣም።»

«የሚበሳው ማን ነው?»

ተቆጣጣሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሽ ተመስገን ናቸው። ስለ እሳቸው ክፉ አልናገርም። እንዲያው ሌላ ሰው ሳይጠይቀኝ ራሴን ስጠይቅ፣ ቁልፉም መብሻውም በእሳቸው እጅ ነው።»

ጋሽ ተመስገን ከማሽኑ ጎን ቆመው ነበር። ይህ የወላጆቻቸው ስም አይደለም፤ ሠራተኛው ያወጣላቸው ነው። ማሽኑ ሲነሣ «ተመስገን»፣ ሲቆም «ተመስገን»፣ ቀለም ሲደርቅ «ተመስገን» ይላሉ፤ ማታ ሲወጡም ማሽኑን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሰናበቱታል። ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ የተቆለፈ አዛውንት ናቸው። በመደርደሪያቸው ላይ፣ በየባንኩ ቼክ ቀለም የተዥጎረጎሩ ጥቃቅን የወረቀት ክቦች የሞሉበት ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተሩ ከቼኮቹ አንዱን፣ ተራ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍኖ ሰጣቸው። አዛውንቱ አላዩትም። ገልብጠው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ አጠገባቸው የቆመችው ወጣት ሴት ዓይኗን ከጣታቸው አላነሣችም።

«የእኔ ማሽን ሥራ ነው» አሉ። «እንዲህ ነው ብዬ ስናገር አዝናለሁ፤ ግን የእኔ ማሽን ሥራ ነው።»

«ይህ ጠርሙስስ?»

«ከተበሱት ወረቀቶች የወደቁ ክቦች ናቸው። በእያንዳንዷ ቀዳዳ ላይ አንዲት አደራ ሳትባክን ቀረች ብዬ ተመስገን እላለሁ። ተመስገን ያልኩበትን ነገር ታዲያ እንዴት አውጥቼ ልጣለው?»

«የሽማግሌ ቅራቅንቦ ነው» አለ ተቆጣጣሪው በፈገግታ፤ «እኛ ለምደነዋል።»

የነጋዴው ደብተር ከሁለት ወር በፊት መታተሙን ሥራ አስኪያጁ አረጋገጡ። በዚያ ቀን የት እንደ ነበሩ ሲጠየቁ ጋሽ ተመስገን ወለሉን አዩ።

«ይህ አዳራሽ በእኔ ኃላፊነት ሥር ነው፤ በዚህ የተበሳም ያልተበሳም በእኔ ይጠየቃል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

በዚያው ዕለት ከሥራ ታገዱ። ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወንጀሉ ከጸናባቸው ግን የሚጠብቃቸው ወኅኒ ነው። ቁልፎቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩ ያቺ ወጣት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የእህታቸው ልጅ መሆኗን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዳሳደጓት፣ ሥራውንም እንዳስተማሯት ለሳጅኗ የነገራት ተቆጣጣሪው ነው። ሌላም ነገር ጨመረላት፤ ከጋሽ ተመስገን ጋር ተጣልቶ የወጣ አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በከተማው ውስጥ የራሱን ማተሚያ ከፍቷል።

*

የቀድሞው ሠራተኛ የሚያትመው የሠርግ ካርድ ነበር። ሱቁ በርግቦችና በቀለበቶች ሥዕል የተጨናነቀ ነው። የመጡበትን ጉዳይ ሲሰማ ሳቁን ለቀቀው።

«እኔ? ለሙሽሮች 'የከበረ ጥሪ' ሳትም ውዬ ማታ ቼክ ላትም? ጉልበቱስ ከየት ይመጣል!»

«ከጋሽ ተመስገን ጋር ተጣልተህ ነው አሉ የወጣኸው።»

«አባረሩኝ እንጂ መች ተጣላን። ባርከው ነው ያባረሩኝ! አንዲት የሙከራ ወረቀት ጀርባዋን በአውራ ጣቴ ሳልዳስስ በሳሁ፤ እሳቸው ቤት ይህ ከስርቆት አይተናነስም። 'ልጄ፣ እጅህ ፈጣን ነው፤ ፈጣን እጅ ደግሞ ለካርድ ይሆናል ለቼክ አይሆንም' አሉኝ። ይኸው ሱቁን ያቆምኩት በዚያ ምክር ነው። ባለቤቴ እንኳ በፀሎቷ ሳታነሣቸው አትተኛም።»

«መዳሰሱ ጥቅሙ ምንድን ነው?»

ካርድ አታሚው ከራሱ ማሽን የወጣ አንድ ካርድና ኢንስፔክተሩ የያዘውን ቼክ ገልብጦ ጎን ለጎን አኖራቸው። «ዳስሰው፣ ጌታዬ። የእኔ ማሽን ቀለሙን ላዩ ላይ ይነሰንሰዋል፤ ጀርባው ልሙጥ ነው። የእሳቸው ማሽን ግን ቁጥሩን በብረት ይመታዋል፤ ከጀርባው ጉብ ጉብ ይላል። ዓይን የሳተውን አውራ ጣት አይስተውም።»

ኢንስፔክተሩ ዳሰሰ። እውነት ነው፤ ቁጥሮቹ በጣቱ ሥር እንደ ጤፍ ፍሬ ተሰሙት። ካርድ አታሚው እንዲህ ያለውን መቺ ማሽን ለመግዛት አቅምም ቦታም እንደሌለው ሱቁ ራሱ ይመሰክር ነበር።

ሲወጡ ሳጅኗ፣ «ያባረሩትን ሰው የሚያስመርቁ አለቃ! እርስዎ ነገ ቢያባርሩኝ እኔ የምጸልይ አይምሰልዎት» አለች።

*

በቢሮው ውስጥ ኢንስፔክተሩ ሦስቱን ቼኮች እንደ ካርታ ሲያገላብጣቸው ዋለ። የቼክ ወረቀት ፊት በጥልፍልፍ ስስ መስመሮች የተሸፈነ ነው። አንዱን ከአንዱ በላይ ሲያስቀምጠው ከላይኛው ግርጌ የተቆረጠው ሞገዳማ መስመር በታችኛው ራስጌ ሲቀጥል አየ። ሦስተኛውን ጨመረ። መስመሮቹ ያለ አንዳች መሰበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈሰሱ።

«ሳጅን፣ ይህ የሦስት ጊዜ ስርቆት አይደለም። የተሰረቀችው አንዲት ወረቀት ናት።»

ሳጅኗ በአጉሊ መነጽር አጎንብሳ ነበር። «በቁጥሮቹ ጥግ ጥቁር አቧራ ተይዟል፣ አለቃ። እንደ ብረት ብናኝ ነው።»

ወደ ጋሽ ተመስገን ቤት ሄዱ። አዛውንቱ በአንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ የሥራ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ለሥራ እንደሚወጣ ሰው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ በአንዲት ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ሦስት ጊዜ የሚታተምበት ጊዜ አለ?»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «አለ። ወረቀቷ ሦስት ቼክ ትይዛለች፤ ማሽኑም ሦስት ቁጥር መቺ አለው። ሥራ ሲጀመር ሦስቱን በአንድ ቁጥር ላይ አቁመን አንዲት ወረቀት እንመታለን፤ መስመራቸው መስተካከሉን የምናየው በዚያች ነው። ወደ ጥራት ክፍል ትሄዳለች፤ እዚያ የብረት ብናኝ ተነስንሶባት፣ በሙከራ ማሽን አልፋ ትመለሳለች፤ ከዚያ ትበሳለች።»

«የነጋዴውን ሥራ የመጀመሪያ ወረቀት ማን በሳት?»

አዛውንቱ የውሃ ብርጭቆ ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ብርጭቆውን አልፈው ጠረጴዛውን ነኩ፤ ከዚያ መልሰው አገኙት። ከደረት ኪሳቸው የአንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ብቅ ብሏል፤ የዓይን ጠብታ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጽፈህ አምጣና ልፈርም።»

ኢንስፔክተሩ ተነሣ። ከደጅ እንደ ወጡ ለሳጅኗ፣ «የዓይን ክሊኒኮቹን አዳርሺ» አላት።

ያገኘችው በሁለተኛው ክሊኒክ ነው። የነጋዴው ደብተር በታተመበት ቀን ጋሽ ተመስገን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ቀኝ ዓይናቸው ታሽጎ፣ እስኪመሽ በክሊኒኩ አልጋ ላይ ነበሩ። ለሐኪሙም፣ «ዓይኔ መታመሙን መሥሪያ ቤቴ ከሰማ ከማሽኔ ይለየኛልና በእግዜር ለማንም አትናገርብኝ» ብለው ተማጥነውት ኖሯል።

«እንግዲህ ነጻ ናቸው» አለች ሳጅኗ።

«እሳቸው ነጻ ናቸው። ሰውዬው በሐሰት ልፈርም ያሉት ግን ለራሳቸው ሲሉ አይደለም።»

*

የእህታቸው ልጅ ሳትጠራ መጣች። በኢንስፔክተሩ ቢሮ ውስጥ ቆማ፣ ግጥም በቃሏ እንደምትወጣ ተማሪ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

«ያደረግሁት እኔ ነኝ። አባዬ በዚያ ቀን አልነበሩም፤ ማሽኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ወረቀት ሰረቅሁ። አባዬን ልቀቋቸው፤ እኔን እሰሩኝ።»

«ሦስት ወረቀት?»

«አዎ፤ በሦስት የተለያየ ጊዜ፣ አንዳንድ እያልኩ።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሳጅን፣ ወንበር አቅርቢላት። ውሃም ስጫት።» ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞሮ፣ «እህቴ፣ የተሰረቀችው አንዲት ወረቀት ናት። ቁጥሯም አንድ ብቻ ነው፤ ሌባው ይህን ያውቃል፤ አንቺ አላወቅሽም። ውለታ በውሸት አይከፈልም» አላት።

ወጣቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እናቴ ስትሞት እኔን ለመውሰድ የመጣ ሌላ ዘመድ አልነበረም» አለች። «ትዳር አልያዙም፤ 'ይህችን ላሳድግ' ብለው ነው። እኔ ምን አለኝ? ከዚህ ሌላ የምከፍላቸው ምን አለኝ?»

«እሳቸው ያንቺን ጥፋት ሊሸከሙ፣ አንቺ የእሳቸውን ጥፋት ልትሸከሚ። በመካከላችሁ ግን ጥፋተኛ የለም» አለች ሳጅኗ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልድ አልጨመረችበትም።

«የመጀመሪያዋ ወረቀት ከጥራት ክፍል ተመልሳ መጣች?» ሲል ኢንስፔክተሩ ጠየቀ።

«መጥታለች። በስቻታለሁ፤ በእናቴ አፅም እምላለሁ በስቻታለሁ! ክሊኒኩ ሳይዘጋ አባዬን ላመጣቸው እየተጣደፍኩ ነበር እንጂ…»

«ጀርባዋን በአውራ ጣትሽ ዳሰስሽው?»

ወጣቷ ቀና ብላ አየችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከፖሊስ የጠበቀች አትመስልም። «አልዳሰስኩትም» አለች በሹክሹክታ።

«ወረቀቷ ስትበሳ የሚወድቁት ክቦች ወዴት ይሄዳሉ?»

«ወደ አባዬ ጠርሙስ ነው። ሁልጊዜ ወደ ጠርሙሱ።»

ኢንስፔክተሩ ቆቡን አነሣ።

*

በማግሥቱ ጧት ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አራቱ በቼክ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጋሽ ተመስገን፣ የእህታቸው ልጅ፣ የጥራት ተቆጣጣሪው፣ እንዲሁም መቆራረጫ ማሽኑ ላይ የሚሠሩት እናት። እኒህ እናት ዕድሜያቸውን ወረቀት በማድቀቅ ስላሳለፉ ሠራተኛው «እማማ አይጢት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም በስሙ አይቆጡም።

«ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ወረቀት የማይቆረጥ ከሆነ እኔ ልቀመጥ» ብለው ተቀመጡ።

ኢንስፔክተሩ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወረደ። «ጋሼ፣ ልደፋው ነው፤ ይፍቀዱልኝ።»

«ማንንም አያሳዝንም፤ ድፋው ልጄ።»

ክቦቹ በነጭ ወረቀት ላይ እንደ እህል ተዘረገፉ፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ። ኢንስፔክተሩ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረ። «ክፍልህ ውስጥ ጠንካራ ማግኔት አይጠፋም፤ ታበድረኛለህ?»

ተቆጣጣሪው ሄዶ አመጣ።

ኢንስፔክተሩ ማግኔቱን በክቦቹ አናት ላይ ቀስ ብሎ ሲያሳልፍ ክቦቹ ብድግ ብድግ እያሉ እንደ ጉንዳን ተንጠላጠሉበት። ሳጅኗ እያራገፈች በሌላ ሣህን ታኖራለች፤ እሱ እንደገና ያሳልፋል። የነጩ ወረቀት መሬት ቀስ በቀስ ተገለጠ። በመጨረሻ ማግኔቱ ቢመጣም ቢሄድም የማይነቃነቁ ሦስት ፈዛዛ አረንጓዴ ክቦች ብቻ ቀሩ። ፈዛዛ አረንጓዴ የእህል ነጋዴው ባንክ ቼክ ቀለም ነው።

«ባዶ ቦታ ላይ የተበሱ ይሆናሉ» አለ ተቆጣጣሪው።

ሳጅኗ አንዱን በመርፌ ጫፍ ገለበጠችው፤ ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ ሦስተኛውን። በእያንዳንዱ ላይ የተቆረጠ ጥቁር ቁጥር ጎልቶ ይታያል።

«ለዓይን ቁጥር አላቸው፤ ብረት ግን የላቸውም» አለ ኢንስፔክተሩ። «የዚህ አዳራሽ ማሽን ያላተማቸው ናቸው። ባለ ቀለም ፎቶ ኮፒ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። እቺ ልጅ ሌባ ብትሆን ኖሮ ወረቀቷን ሳትበሳ ታስቀራት ነበር፤ መብሻው በእጇ ነው፤ ማንን ለማታለል ኮፒ ትበሳለች? ምትክ የሚያስፈልገው ወረቀቷን ወስዶ የመመለስ ግዴታ ያለበት ሰው ነው። እውነተኛዋን አስቀርቶ ኮፒዋን የመለሰ ሰው። በሦስቱ ቼኮች ላይ የቀረው የብረት ብናኝም የጥራት ክፍል ብናኝ ነው።»

የቼክ ወረቀት በኮፒ ማሽን ሲባዛ የተደበቀ «ዋጋ የለውም» የሚል ጽሑፍ በፊቱ ላይ እንደሚወጣ በዚያ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ።

«ፊቷን ብታይ ኖሮ ታውቅ ነበር» አሉ ጋሽ ተመስገን ቀስ ብለው፤ «ለምን አላየችም?»

«ደፍቶ ስለ ሰጣት ነዋ!» አሉ እማማ አይጢት ከተቀመጡበት። «ከመብሻው እንጨት ላይ ራሱ በግንባሯ ደፍቶ አኖራት። 'በይ ቶሎ ብሺና ሂጂ፣ ሰዓትሽ ደርሷል' ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔማ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ብዬ መርቄው ነበር። ምርቃቴን መልስ!»

ሳጅኗ አፏን በእጇ ያዘች። ተቆጣጣሪው ማግኔቱን አየ፤ ከዚያ የተተኮሰ ጋውኑን ሳይሰበስብ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

«ማሽን ያላነበባቸው ቼኮች ለምርመራ ወደ አንተ ይላካሉ» አለ ኢንስፔክተሩ። «የነጋዴውን ፊርማ ያገኘኸው ከዚያ ነው። በቅርንጫፎቹ የቀረበው ሰው ደግሞ፣ ከፋዮቹ እንደገለጹት፣ ወፍራም፣ ግራ እጁ ላይ ጠባሳ ያለበት…»

«የሚስቴ ወንድም ነው» አለ ተቆጣጣሪው። ድምፁ ልስላሴውን አጥቷል። «የጀመርኩት ቤት ነበረኝ፤ ልጨርሰው ብዬ ነው። ደግሞስ… የጥራት ተቆጣጣሪው እኔ ነኝ። ባንኩ ሲያመሰግን ግን 'የጋሽ ተመስገን ጥራት' ይላል። አንድ ቀን እንኳ ስሜን ያነሣ የለም።»

ጋሽ ተመስገን ወደ እሱ ተራመዱ። ሁሉም ስድብ ጠበቀ።

«እኔ አነሣህ ነበር» አሉ። «ማታ ማሽኑን ስሰናበት፣ ከማሽኑ በኋላ የማነሣው ያንተን ስም ነበር። ፊት ለፊት ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ተቆጣጣሪው ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ በሳጅኗ ተይዞ ወጣ።

አዛውንቱ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። «አውራ ጣትሽ የት ነበር?»

«ወደ እርስዎ ስሮጥ፣ አባዬ።»

«እንዲህ ያለ ጥፋት ላይ ምን እላለሁ እንግዲህ» አሉና ራሷን ይዘው ወደ ደረታቸው ሳቧት።

*

ጡረታቸው በክብር ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ዓይናቸው ሲሰሙ ነገሩን እንደ ጥፋት አልቆጠሩባቸውም፤ ለእህታቸው ልጅም ቁልፎቹን በሰው ፊት አስረከቧት። ኢንስፔክተሩ ጠርሙሱን ሊመልስ በመጣበት ጧት አዛውንቱ እንግዳ ሆነው በአዳራሹ ጥግ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል።

«ሦስቱስ?» አሉ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው እያዩ።

«እነሱ ከሌባው ጋር ታስረዋል፣ ጋሼ። ፍርድ ቤት ይፈልጋቸዋል።»

«ይቆዩለት። በእነሱ ላይ ተመስገን አልተባለም።»

«አልተባለም» አለች የእህታቸው ልጅ ከማሽኑ ጎን ሆና፤ «በዚያ ቀን አላልኩም።»

አዲስ ሥራ ሊጀመር ነበር። ማሽኑ አጓራ፤ ሦስቱ መቺዎች አንድ ጊዜ ወደቁ፤ የመጀመሪያዋ ወረቀት ወጣች። ወደ ጥራት ክፍል ሄዳ እስክትመለስ እማማ አይጢት፣ «አዲሱ ተቆጣጣሪ ምርቃት ከእኔ አይጠብቅ፤ ከእንግዲህ በዱቤ አልመርቅም» እያሉ ያጉረመርማሉ። ወረቀቷ ስትመጣ ወጣቷ ፊቷን አየች፤ ገለበጠቻት፤ አውራ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፈች። ከዚያ ሳትበሳት ወደ ኢንስፔክተሩ ይዛት መጣች።

«ይዳስሱልኝ» አለችው።

ኢንስፔክተሩ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ቁጥሮቹ በጣቱ ሥር አንድ በአንድ አለፉ። ወጣቷ ወረቀቷን ወስዳ ከመብሻው ላይ አኖረች፤ እጀታውንም ተጫነች። ሦስት ክቦች ወደ ጠርሙሱ ወደቁ።

«ተመስገን» አለች።

«ተመስገን» አሉ አዛውንቱ ከጥግ።

ሰውን ከማመስገኑ በፊት ሦስት ጊዜ የሚያስበው ሰውዬ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ነበር። ቃሉን ሲለው ማንም አልሰማውም፤ ሳጅኗ ብቻ ከንፈሩን አየች፤ ለአንድ ጊዜም ምላሷን አሰረች።